ስለ ባሕር ጠላቂ ሴት ሰደርያ

በዚህ ዓምድ ስለ ሴቶች ልብስ ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ስለ ጥልፍ ቀሚስ፣ ስለ ኩታ፣ ለደጋ ብርድ ስለሚስማማው የሱፍ ልብስ ያልነው ሁሉ ግን ስሕተት ቢገኝበት የሚያስከትለው ጉዳት ቢበዛ የተመልካችን ዓይን ቅር ማሰኘት ነው። ዛሬ የምንናገርለት ልብስ እንደዚህ አይደለም፤ ልክ ያልሆነ እንደ ሆነ የለባሺቱን እስትንፋስ የሚከለክል ነውና። ይኸውም የአየር ሲሊንደር አዝለው ወደ ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ ሰዎች የሚለብሱት፣ አየር ሲነፋበት ወደ ላይ የሚያነሣ፣ ሲተነፍስም ወደ ታች የሚያወርድ ሰደርያ ነው።

ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ «ከባሕር ወለል ወደ 2,600 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው በመካነ ሰላም ስለ ባሕር መጥለቅ መጻፍ ምን ይባላል?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። መሳቁ አያስቀይመንም። ነገር ግን የምዕራብ ወሎ ደጋ ሰው ከውሃ ጋራ ያለው ጉዳይ የቆየ ነው። የቦረና ምድር ወደ ምዕራብ እየቈለቈለ ሄዶ የሚያልቀው በዓባይ ሸለቆ ነው፤ በሽሎና ወለቃም የወሎን ደጋ ውሃ እየሰበሰቡ ወደዚሁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ዓባይን የሚሻገር ሰው ስልቻ ነፍቶ፣ አፉን በጠፍር አስሮ፣ በደረቱ ታቅፎ ይዋኝ ነበር። ብልሃቱ የዓባይ ዳር ሰው ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት በአሦር ንጉሥ ቤተ መንግሥት የተቀረጸና ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ የድንጋይ ሥዕል፣ ሰዎች የተነፋ ቆዳ ታቅፈው ወንዝ ሲሻገሩ ያሳያል። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው የጠላቂ ሰደርያም ቢሆን፣ ጌጡና ዘለበቱ ቢቀርለት፣ የዚያ ስልቻ የልጅ ልጅ ነው።

ከዚህም ጋራ ያለንበት ዘመን የደጋን ልጅ በደጋ ብቻ የሚያስቀር አይደለም። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት፣ መጥለቅን የሚወድ ያገራችን ሰው በቅርብ የሚያገኘው የጅቡቲን ባሕር ነው። በዚያም በታጁራ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሦች ሁሉ ትልቁና ለሰው ግን የማያሰጋው ፍጥረት ስለሚመጣ፣ ከብዙ አገር የመጡ ጠላቂዎች ይሰበሰባሉ። ከእነርሱም መካከል የኛ ልጆች ይገኙባቸዋል።

ይህን እንድንጽፍ ያስገደደንም ከነዚሁ የአንዲቱ ነገር ነው። ልጅቱ ዘመዳችን ስትሆን፣ ተወልዳ ያደገችው በመካነ ሰላም ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ በሥራ ላይ ናት። ዋናን በመዋኛ ገንዳ ተምራ፣ የጠላቂነትንም የመጀመሪያ ትምህርት ጨርሳ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዕረፍቷ ወደ ባሕር ወረደች። በዳርቻው በኪራይ ይሰጡ የነበሩት ሰደርያዎች ለወንድ የተቈረጡ ስለ ነበሩ ከመካከላቸው ትንሹ ተመርጦ ተሰጣት። በጀልባው ላይ ተቀምጣ ሳለች ልብሱ ደኅና ይመስል ነበር። ወደ ውሃው ገብታ አየር በነፋችበት ጊዜ ግን ሰደርያው ከወገቧ ተነሥቶ እስከ ጆሮዋ ወጣ፤ የፊቱ ጨርቅ አገጭዋን ደገፈ፤ የደረቱ ማሰሪያ ጡቷን ተጫነ፤ ሲሊንደሩም ወደ ግራ ጐኗ አዘነበለ። እስትንፋሷ ቸኰለ። ሞገዱም ትንሽ አልነበረም። መሪዋ «መፍራት ያለ ነው» ብሎ በትሕትና አጽናናትና ወደ ጀልባው መለሳት።

ልጅቱ አገሯ ስትገባ «ባሕር ለደፋር ነው፤ እኔ ፈሪ ነኝ» ብላ ነገሩን ቈርጣ ተናገረች። እኛም ስለ ድፍረትና ስለ ትዕግሥት ረዘም ያለ ምክር መከርናት። አያቷ ግን በልጅነታቸው ከምንጭ ውሃ በእንስራ እያዘሉ ያደጉ ናቸው፤ ወሬውን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ስለ ባሕሩ አንድ ቃል አልጠየቁም።

«ልጄ፣ ሸክሙ የተቀመጠው የት ላይ ነው? በወገብሽ ነው ወይስ በትከሻሽ?»

«በትከሻዬ ነው እማማ፤ የወገቡ ማሰሪያማ ቢጠብቅም አልያዘኝም።»

«እንግዲያ ምኑ ነው ፍርሃቱ? በትከሻ የተንጠለጠለ እንስራ ማንንም ያስጨንቃል።»

የመከርነው ምክር ሁሉ ከንቱ መሆኑ ያን ጊዜ ገባን። ልጅቱን ያስጨነቃት ባሕሩ አልነበረም፤ ለሌላ ሰው ገላ የተቈረጠ ልብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠይቀንና አንብበን የደረስንበትን በዚህ እንጽፋለን።

አስቀድሞ ልብሱ ለምን በወንድ ልክ ተቈረጠ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን ሰው በውሃ ውስጥ አየር የሚስብበትን መሣሪያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ሠሩ። ሞሪስ ፌንዚ የተባለው ያገራቸው ሰው ደግሞ በ1961 በአንገት የሚጠለቀውን፣ ጠላቂው እንደ ፈቀደ የሚነፋውን ፊኛ አወጣ። ከዚያ በኋላ ፊኛው እየሰፋ እጅጌ የሌለው ልብስ ሆነ። የዚህ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ይልቁንም የባሕር ኃይል ወታደሮችና ወንዶች ዋናተኞች ስለ ነበሩ፣ ስፌቱም የነሱን ትከሻና ቁመት ተከተለ። ነገር ግን መጥለቅ የወንድ ሥራ ነው የሚል ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። በኮሪያ በጄጁ ደሴት ሄኒዮ የሚባሉት ሴቶች ያለ አየር ሲሊንደር፣ እስትንፋሳቸውን ብቻ ይዘው፣ ከባሕር ወለል የሚበላ ነገር እየለቀሙ ቤተ ሰባቸውን ሲያሳድሩ ኖረዋል፤ ዩኔስኮም ይህን ባህላቸውን በ2016 መዝግቦታል። ድካማቸውን የሚያሳርፉበት ተንሳፋፊ ደግሞ በቀድሞ ዘመን ቅል ነበር፤ እኛ ቅቤ የምንንጥበት ዓይነት ቅል።

ወደ ነገራችን እንመለስ። የሴት ገላ የወንድ ገላ ትንሹ ዓይነት አይደለም። በቁመት እኩል የሆኑ ወንድና ሴት ቢቆሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሴቲቱ ትከሻ ጠበብ ያለ፣ ከማጅራት እስከ ወገብ ያለው ርዝመት ያጠረ፣ ዳሌዋም የሰፋ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ለወንድ የተቈረጠው ሰደርያ በትከሻ ሲሰፋ በዳሌ ይጠባል፤ በርዝመቱም ከወገብ አልፎ በዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል። በዳሌ ላይ ያረፈ ሰደርያ ደግሞ በተነፋ ጊዜ መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው። ዘመዳችንን ያገኛት ይህ ነው። አገራችን ይህን ነገር በበቅሎ ታውቀዋለች፤ ለአንዲት በቅሎ ጀርባ የተሠራ ኮርቻ በሌላይቱ ላይ ሲጫን ገጣባ እንደሚያወጣ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም።

ባዶው የአየር ሲሊንደር ብቻ እንደ ዓይነቱ ከ14 እስከ 16 ኪሎ ይመዝናል። በውሃ ውስጥ ይህ ክብደት አይሰማም፤ ነገር ግን ከጀልባ እስኪገባና ከውሃ እስኪወጣ ድረስ ተሸካሚው ጀርባ ነው። እንስራ ያዘለች ሴት ሸክሟን በጀርባዋ ታችኛ ክፍል ላይ ታሳርፈዋለች፤ ገመዱ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ ክብደቱን አይሸከምም። የጠላቂዋም ሰደርያ አሠራር ይኸው ነው። የወገቡ ሰፊ ማሰሪያ መቀነት ነው፤ ክብደቱን የሚይዘውም እርሱ ነው፤ የትከሻው ማንገቻ ግን እንዳይወላገድ ብቻ ይጠብቀዋል። መቀነቱ በእውነተኛው ወገብ ላይ ካልታሰረ የቀረው ማጥበቅ ሁሉ ምንም አይረዳም።

እንግዲህ ሰደርያ ልትመርጥ የተነሣች ሴት በመጀመሪያ ራሷን ትለካ። መለኪያው ከማጅራት በታች ጐበጥ ብሎ ከሚዳሰሰው አጥንት ዠምሮ እስከ ዳሌ አጥንት አናት ድረስ ያለው ርዝመት ነው። የሻጮች ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ቁመትንና ክብደትን ነው፤ ነገር ግን በቁመትና በክብደት እኩል የሆኑ ሁለት እኅትማማቾች አንዲቱ እግረ ረጅም፣ ሁለተኛይቱ ወገበ ረጅም ልትሆን ትችላለች፤ አንድ ቍጥር ሰደርያም ለሁለቱ አይሆንም። ይህን ርዝመት መለካት የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ እናት ወይም እኅት በቤት ውስጥ በክር ልትለካው ትችላለች። በርኅራኄና በጨዋነት የተነሣ ሻጩን «ደኅና ነው» ብሎ መሸኘት የደጋ ሴት ልማድ ስለ ሆነ ነው ይህን ማስረዘማችን።

ከዚያም ወደ መደብሩ ስትሄድ በውሃ የምትለብሰውን የጎማ ልብስ ይዛ ትሂድ፤ በቀሚስ ላይ የተለካ ሰደርያ በጎማ ልብስ ላይ ሌላ ነው። ለብሳውም ሲሊንደር ይታሰርበት። ባዶውን ለብሶ በመስተዋት ፊት መዞር ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር አይጠቅምም። ማሰሪያዎቹ ሁሉ ከጠበቁ በኋላ ፊኛው ትርፍ አየሩን በቫልቩ በኩል እስኪያስወጣ ድረስ ይነፋ፤ ያን ጊዜ በረጅሙ ትተንፍስ። ደረቷ እንደ ልቡ የማይሰፋ ከሆነ ወይም ጐኗ የሚጨነቅ ከሆነ፣ ያ ሰደርያ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርባት። በምድር ላይ እስትንፋስን የሚያሳጥር ልብስ በሞገድ መካከል የሚያደርገውን አስቀድመን ተናግረናል። ቀጥሎም አንድ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ሁለቱን የትከሻ ማንገቻዎች ይዞ ወደ ላይ ይሳብ። ሰደርያው ከሁለትና ከሦስት ጣት በላይ የተነሣ እንደ ሆነ ረዝሞባታል ወይም ሰፍቶባታል ማለት ነው። ራሷን ወደ ኋላ ቀና ስታደርግ ጭንቅላቷ ከሲሊንደሩ አናት ጋራ እንዳይጋጭ ትመልከት። የደረቱ ማሰሪያ ከጡት በላይ እንዲውል ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት፤ በአንድ ቦታ የተሰፋ ከሆነ የሰፊው አሳብ ስለ ሴት አልነበረም። ማንገቻዎቹ ወደ ክንድ የሚንሸራተቱ ከሆነም እንዲሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓይኗን ትጨፍንና እጇን ትስደድ። አየር ማስገቢያውን፣ በስተኋላ ከወገብ በታች ያለውን የማስተንፈሻ ገመድ፣ ዘለበቶቹን ሁሉ ሳታይ ልታገኝ ይገባታል። እርሳስ የሚቀመጥባቸው ኪሶች ደግሞ በወንድ ሰደርያ በጠባብ ወገብ ላይ ሲጠመጠሙ ወደ ጀርባ ይዞራሉ፤ ባስፈለገ ጊዜም እርሳሱን መዝዞ ለመጣል እጅ አይደርስባቸውም። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የመቀነቱ ሁለት ጫፎችም እርስ በርስ እስኪደራረቡ ድረስ የሚሄዱ ከሆነ ማሰሪያው የሚይዝበት ቦታ አጥቷልና ትንሽ ቍጥር ይፈለግ።

ፊኛው ትልቅ ይሁን የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ፤ ትልቅ ማለት የሚያድን ይመስላልና። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ወደ 2,400 ሊትር፣ ክብደቱም ወደ 3 ኪሎ ግራም ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ስለሚሆን የጎማውም ልብስ ይጨመቅና የማንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል። ሰደርያው የሚክሰው እነዚህን ሁለቱን ነው። በሞቃት ባሕር ስስ የጎማ ልብስ ለብሳ፣ እርሳሷንም በልክ አድርጋ ለምትጠልቅ ሴት ከ10 እስከ 13 ኪሎ የሚያነሣ ሰደርያ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነው ፊኛ ውሃውን እየጐተተ ያደክማታል እንጂ አያድናትም።

ዛሬ ለሴት ተብለው የሚሸጡ ሰደርያዎች አሉ። ከእነርሱም በእውነት ለሴት የተቈረጡ ይገኛሉ፤ ማንገቻቸው በጡት ዳር ጐበጥ ብሎ የሚያልፍ፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ የወገብ ማሰሪያቸው ዳሌን ተከትሎ ሰያፍ የሆነ። አንዳንዱ ግን ያው የወንድ ሰደርያ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ሐምራዊ የተደረገ ነው። ቀልቀሎ ስልቻ፣ ስልቻ ቀልቀሎ ማለት ይህ ነው። ፊኛው በጀርባ ብቻ የሆነ ዓይነትም አለ፤ ደረትንና ጐንን ነፃ ስለሚያደርግ ብዙ ሴቶች ይወዱታል። ጉድለቱ ግን በውሃ ላይ ሲንሳፈፉ ወደ ፊት የሚደፋ መሆኑ ስለ ሆነ፣ በገንዳ ሳይለማመዱ ወደ ባሕር ይዘውት ባይሄዱ መልካም ነው።

አንድ ስሕተት ደግሞ በቤተ ሰብ ዘንድ እንዳይገባ እንሰጋለን። የጠላቂ ሰደርያ የጀልባ ተሳፋሪ የሚለብሰው የነፍስ ማዳኛ ሰደርያ አይደለም። የማዳኛው ባለ 100 ወይም ባለ 150 ኒውተን የሆነ እንደ ሆነ፣ ራሷን የሳተች ሴት እንኳ ፊቷ ወደ ሰማይ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ 100 ኒውተን ማለት 10 ኪሎ ያህል የሚያነሣ ነው። የጠላቂው ሰደርያ ይህን አይችልም፤ ለባሺቱ ነቅታ የምትገዛው መሣሪያ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ቨርጂኒያ ሞሬል የተባለችው ጸሐፊና ኔቫዳ ዊር የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ ለናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ዓባይን በጀልባ ተከትለው በወረዱበት ዓይነት ጕዞ የሚያስፈልገው የማዳኛው ነው። በጣናም በሐይቅም ለሚሳፈሩ እንዲሁ፤ በዚያም ቢሆን ማሰሪያውን ሳያጠብቁ በትከሻ ላይ ጣል ማድረግ እንደ ኩታ አይሆንም።

አሁን ለአባቶችና ለባሎች አንድ ቃል እንናገር። ሰደርያ ለሴት ልጅ ወይም ለሚስት በድንገት ገዝቶ የሚያስደስት ስጦታ አይደለም። ደግ አባት ከውጭ አገር ሲመለስ «ታድግበታለች» ብሎ አንድ ቍጥር ጨምሮ የሚገዛው ጫማ ስንት ልጅ እንዳሰናከለ እናውቃለን። ገንዘቡ ይሰጣት፤ መልበሱና መምረጡ ግን የእርሷ ይሁን። የምትከራይም ብትሆን የተሰጣትን ሁሉ የመቀበል ግዴታ የለባትም፤ የሚሆናት ከሌለ የዚያን ቀን መጥለቅ ትተው። ያረገዘች ሴት ደግሞ ሰደርያው ቢሆናትም ባይሆናትም እስክትገላገል ድረስ ከመጥለቅ ትቈይ፤ በዚህ ሐኪሞች አይጠራጠሩም።

ከጅቡቲ ወደ ደጋ ለሚመለሱም ሌላ ነገር አለ። ከጥልቀት የወጣ ሰው በገላው ውስጥ የተከማቸው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እስኪወጣ ድረስ ወደ ከፍታ መውጣት የለበትም። ለአውሮፕላን ተሳፋሪ የተሰጠው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቀ ከ12 ሰዓት ያላነሰ፣ ደጋግሞ ከጠለቀ ከ18 ሰዓት ያላነሰ መቆየት ነው። ይህ ምክር የታሰበው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል የሳሳ እንደሚሆን ተቈጥሮ ነው። መካነ ሰላም ከዚያ ትበልጣለች። ስለዚህ በአውሮፕላንም ሆነ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የምትመለስ ልጅ በባሕር ዳር አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ብታርፍ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ወሎ ለመውጣት ባትቸኩል እንመክራለን።

ዘመዳችን ባለፈው ዓመት ከብዙ መለካት በኋላ የሚሆናትን አገኘች። አምስት ሰደርያዎች ለብሳ አራቱን መልሳለች፤ ሻጩም ትንሽ ማጕረምረሙ አልቀረም። በኅዳርም ወደ ታጁራ ተመልሳ ወረደች። ሰደርያዋን ከጨው ለማጥራት በንጹሕ ውሃ፣ ፊኛውንም በውስጡ ሳይቀር፣ አጥባ ወደ መካነ ሰላም ይዛው በመጣች ጊዜ አያቷ ተቀብለው ከማድ ቤቱ ጢስ ርቆ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ፊኛው በከፊል እንደ ተነፋ ሰቀሉት። መቀነቱንም በእጃቸው ዳስሰው ወርዱ በቂ መሆኑን መረመሩ።